ጋዝ ጨርሶ ነው

የአዲስ አበባ መኪና ኤሲ መሞቱ የሚታወቀው መተሐራ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጦ፣ ጠዋት ሹራብ ማታ ጃኬት የሚያስለብስ ከተማ ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል? የበረዶ ሥዕል ያለባት ቁልፍ መኪናው ከጅቡቲ ሲገባ እንደነበረች፣ ጣት ሳይነካት፣ ቀለሟ ሳይደበዝዝ ትኖራለች። የምትታወሰው መኪናው ሲሸጥ ነው። ባለመኪናው ለደላላው "ኤሲው እንደ ጉድ ነው" ይላል፤ ደላላው ለገዢው እጥፍ አድርጎ ይነግረዋል፤ ገዢውም ክረምት ላይ ስለሚገዛ ሳይሞክር ያምናል።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እኔም እንደ እህቱ "ጋሼ" የምለው፣ መኪናውን የገዛው እንዲሁ ነው። ለሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በዚያች መኪና ተጫንን። ጋሼ መሪ ላይ፣ እኔ ከጎኑ፣ ከኋላ እናታቸው እማዬ፣ ባለቤቴ፣ እና የጋሼ የሥራ ባልደረባ። የጋሼ ሚስት ልጆቹን ይዛ ቀረች። ከቤት ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሁላችንም ጋቢና ጃኬት ውስጥ ነን፤ የፊቱ መስተዋት በአምስት ሰው ትንፋሽ ታፍኗል። ጋሼ በቀኝ እጁ መሪ ይዞ በግራው በጨርቅ ይጠርጋል። ያቺ ጨርቅ ከመኪናው ጋር ተሽጣ የመጣች ይመስለኛል። በየአዲስ አበባው መኪና ዳሽቦርድ ላይ እህት አላት።

እዚህ ላይ ኤሲውን ቢከፍተው ኖሮ ጨርቋ ጡረታ ትወጣ ነበር። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱንም ይነጥቀዋል፤ እርጥበቱ ከዳሽቦርዱ ኋላ ባለው ቀዝቃዛ አካል ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና በመኪናው ሆድ ሥር ይፈሳል። በዚያ በደረቀ አየር የተነፋ መስተዋት ወዲያው ይጠራል። ማሞቂያውንም አብሮ መክፈት ስለሚቻል ማንም አይበርደውም። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሲ ዋና ወቅቱ ክረምት ነው ማለት ነው፤ በጋማ መስኮት ይበቃል። ይህን ለጋሼ ብነግረው "በዚህ ብርድ ኤሲ? ጤነኛ ነህ?" አለኝና ጨርቁን ጨምቆ ቀጠለ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ምክር ከዚህ የተሻለ ክብር አያገኝም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ተቀብለን በፈጣን መንገዱ ቁልቁል ተለቀቅን። አዳማ ላይ ጃኬት ወለቀ። ወለንጪቲ ላይ ሹራብ። ከ1,000 ሜትር በታች ያለችው መተሐራ ልትደርስ ስትል እማዬ እንኳ ጋቢያቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ይህ በቤተሰቡ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ጋሼ ያቺን ቁልፍ ተጫናት። መብራቷ በራ፤ ነፋሱ መጣ፤ መኪናው በደንብ ሲሮጥ ቀዝቀዝም አለልን። ኋላ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ተሳቢዎች ሰልፍ ውስጥ ገብተን መንፏቀቅ ስንጀምር ከቀዳዳው የሚወጣው አየር ከውጭው ባሰ።

"ጋዝ ጨርሶ ነው" አለ ባልደረባው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ይህን ለማለት ዓይን መግለጥ አያስፈልግም። መተሐራ ላይ ውሃ ሊሸጥልን የቀረበ ልጅ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ጥቂት አየር ተነፈሰና "ጋሼ፣ ጋዝ ጨርሷል" አለ። ከአዋሽ ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያየ ትራፊክ ፖሊስ ፈቃዱን ሲመልስ "ኤሲው ጋዝ ሳይፈልግ አይቀርም" ብሎ አሰናበተን። ይህች አገር በምንም ነገር ተስማምታ አታውቅም የሚል ሰው የኤሲ ጉዳይ አንሥቶ ይሞክራት። ባለቤቴ ለቀልድ "እማዬ፣ ለገብርኤል ስለት ይሳሉበት" ብትል፣ እማዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ "መልአኩን በጋዝ አላስቸግርም" አሉ። ቁልቢ ደጋ ናት፤ ስንደርስ ጋቢው ተመለሰ፣ ኤሲውም ተረሳ።

የጋዙ ሃይማኖት አንድ ደካማ ጎን አለው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ቤታችን ያለው ፍሪጅ በዚያው ሥርዓት ነው የሚሠራው፤ በየዓመቱ ፍሪጁን ተሸክሞ ጋዝ ሊያስሞላ የሚሄድ ግን አላየሁም። የመኪናው በጎማ ቱቦና በጎማ ቀለበት የተያያዘ፣ ቀን ከሌት የሚናጥ ስለሆነ በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ማምለጡ አይቀርም። ግን ጎድሎ ከሆነ ወጥቷል፤ ወጥቶ ከሆነ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ይህን ያህሉን ለማሰብ ሜካኒክ መሆን አይጠይቅም፤ ችግሩ ቀዳዳ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል፣ መሙላት ግን ሻይ እስኪጠጣ ያልቃል።

አሠራሩም ቢሆን አስማት የለበትም። መርፌ ከመወጋታችን በፊት ነርሷ ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው ቅዝቅዝ ይለን የለም? አልኮሉ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኤሲ ውስጥ ያለው፣ ሠራተኞቹ "134" የሚሉት ጋዝ፣ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ነገር ነው። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ተጨምቆ የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ወደተደገፈው ኮንደንሰር ይሄዳል፤ እዚያ ነፋስ አግኝቶ ሙቀቱን ያራግፍና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ተሹለክልኮ ዳሽቦርዱ ኋላ ሲደርስ ግፊቱ ይወርድለታል፤ ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከእኛ ይወስዳል። ተሸካሚ ነው በአጭሩ። ከውስጥ ይጭናል፣ ፊት ለፊት ያራግፋል። ማራገፊያው ላይ ነፋስ ከሌለ ጭነቱን ይዞ ይመለሳል። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ።

አዳማ ላይ በመልስ ጉዞ ወደ አንድ ጋራዥ ገባን። ወጣቱ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንዱን ቱቦ በሁለት ጣት ጨበጥ አድርጎ ለቀቀ። "ጋዝ ነው ብሮ።" ሰማያዊውን ሲሊንደር አንከባሎ አመጣ፣ ቱቦ ሰካ፣ ከፈተ፣ ጆሮውን ቀስሮ ጥቂት አዳመጠና ዘጋ። ስንት ግራም እንደገባ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ቱቦውን ሲነቅል "ፍሽሽ" ብሎ የወጣውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የቀድሞው ጋዝ፣ "12" የሚባለው፣ የኦዞንን ሽፋን የሚበላ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ዓለም ተፈራርሞ ቀስ በቀስ አስወጣው። በቦታው የመጣው 134 ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ረገድ ግን አንድ ኪሎው ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ የእሱም መቀነሻ ተፈረመ። አዳማ ያለው ወጣት "ፍሽሽ" ሲያደርግ መቶ ግራም እንኳ ቢያመልጠው 140 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለቀቀ ያህል ነው። ይህን ልነግረው አልኩና ጋሼ ሒሳብ ሲከፍል የነበረውን ፊት አይቼ ተውኩት።

ፈጣን መንገዱ ላይ ስንወጣ እንዴት ያለ ቅዝቃዜ! ባልደረባው ከኋላ "አላልኳችሁም?" አለ። መኪናው እየሮጠ ስለሆነ ሊሆን ይችላል ያለ ሰው አልነበረም። ቅዝቃዜው ግን ብዙ አልቆየም፤ ያጠፋው ብልሽት ሳይሆን እማዬ ናቸው። "ልጄ፣ ነፋሱ ጎኔ ገባ፤ ዝጋው።"

ነፋስን በተመለከተ እኛ ጽኑ ሕዝብ ነን። ሚኒባስ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ሆነን በላብ ብንጠመቅም መስኮት የከፈተ ሰው ከየአቅጣጫው ይገሠጻል። ሙቀት ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም፤ ነፋስ ግን ይመታል። አንገት ያጣምማል፣ ጥርስ ያሳምማል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ የሚያልበው ሰው ላይ ከሆነማ ምች ነው። ሰማያዊና ነጭ የነበሩት ላዳ ታክሲዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የሁሉም በር መስኮት ማዞሪያ ተነቅሎ አንዲት ብቻ ሹፌሩ ዘንድ ትቀመጣለች። ያፈነው ተሳፋሪ "ወንድሜ፣ እስቲ ማዞሪያዋን" ብሎ ይጠይቃል፤ ሹፌሩ ከኪሱ አውጥቶ ያቀብላል፤ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ያዞርና በክብር ይመልሳል። የሚሰበር ኮምፕሬሰር የለ፣ የሚያመልጥ ጋዝ የለ። ነፋሱ በፈቃድ ይገባል፣ በፈቃድ ይወጣል። ማዞሪያዋ ከተሰበረች መፍቻ ብቻ ትጠይቃለች።

የሆነው ሆኖ፣ ጥቅምት ገብቶ ፀሐዩ ሲበረታ ጋሼ መገናኛ ላይ መኪና ውስጥ ተቀቅሎ ቁልፏን ተጫናት። ሙቅ። ሌላ ጋራዥ። "ጋዝ ነው ማስተር።" ተጨመረ። ከዚያ በኋላ መኪናው ቢሮጥም ቢቆምም የማይቀዘቅዝ ሆነ። ጋሼ ኮምፕሬሰሩ ተበልቷል ብሎ ወሰነና የሶማሌ ተራን የመለዋወጫ ዋጋ ማጠያየቅ ጀመረ። ዋጋውን ሲሰማ አንድ ሰው ቂርቆስ አካባቢ ያሉ ሽማግሌ ባለሙያ ጠቆመው። እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ሥራ ፈት ሆኜ ሳይሆን የሰው መኪና ሲፈታ ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሽማግሌው ኮፈን አልከፈቱም። ሁለት እጃቸውን ኋላ አድርገው "የማይቀዘቅዘው ሲቆም ነው ወይስ ሲሄድም?" አሉ።

ጋሼ ፈዘዘ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ትንሽ አሰበና "መጀመሪያ ሲቆም ነበር፤ ጋዝ ካስሞላሁ በኋላ ሁልጊዜ ሆነ" አለ።

"ካስሞላህ በኋላ ባሰ?"

"አዎ አባባ።"

ሽማግሌው ረዳታቸውን አይተው ፈገግ አሉ። ልጁ መኪናውን አስነሣ፣ ኤሲውን ከፈተ። "ጠቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ፤ ኮምፕሬሰሩ ክላቹን ነክሶ መሥራት ጀመረ ማለት ነው፤ አልሞተም። ሰማያዊና ቀይ ሰዓት ያላቸውን መለኪያዎች አመጡና ሰኩ። ሰማያዊው ዝቅተኛውን ግፊት ያሳያል፣ ቀዩ ከፍተኛውን። ቀዩ 200 አካባቢ ላይ ተረጋግቶ መቆም ነበረበት። ግን 250ን አለፈ፣ 300ን አለፈ፣ 400ን ሲሻገር ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ ያን ጊዜ እንደገና "ጠቅ" አለና ኮምፕሬሰሩ ራሱን አጠፋ። ቱቦው ሳይፈነዳ የሚገላግል መቆጣጠሪያ አለው።

"ጋዝ ጨርሷል ነው ያሉህ?" አሉ ሽማግሌው። "ይሄ እኮ ጋዝ ጠግቦ ሊተፋ ነው።"

ከዚያ የሠሩት ነገር የልጅ ጨዋታ ይመስል ነበር። ረዳቱን "ሃይላንድ አምጣ" አሉት። ልጁ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ አመጣ፤ ኤሲው እንደገና ተከፈተ፤ ቀዩ መርፌ መውጣት ሲጀምር ልጁ ውሃውን በፍርግርጉ በኩል ኮንደንሰሩ ላይ ቀስ እያደረገ አፈሰሰ። እንፋሎት ወጣ፤ መርፌው ወደ ታች ተንሸራተተ። ውስጥ የተቀመጠው ጋሼ "ቀዘቀዘ! ቀዘቀዘ!" ብሎ ጮኸ። ውሃው አለቀ፤ መርፌው ወጣ፤ ጋሼ ዝም አለ። ያ ተሸካሚ ጋዝ ፊት ለፊት መጥቶ የሚያራግፍበት ነፋስ አጥቶ ነበር የከረመው።

ኮንደንሰሩ ኋላ ሁለት ፋኖች አሉ። አንደኛው ለሞተሩ ነው፤ እሱ ዕድሜ ልኩን ሠርቷል። ሁለተኛው ኤሲ ሲከፈት ብቻ የሚዞር ነው። ሽማግሌው የመዶሻ እንጨት አንሥተው የሁለተኛውን ፋን ሞተር ጀርባ ኳ፣ ኳ አደረጉት። ፋኑ ደንገጥ ብሎ ተነሣ፣ ጥቂት ዞረ፣ ቆመ። ደግመው ነኩት፤ ዞረ፤ ቆመ። "ካርቦኑ ጨርሷል፤ የቀረውም ተጣብቋል። ይሄ ልጅ መሥራት ረስቷል" አሉ። እኔ ነገሩ ትንሽ አሳዘነኝ። ከቀድሞው ባለቤት ጀምሮ ማንም ሥራ አልሰጠውም፤ ሥራ ሲሰጠው ደግሞ መተሐራ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ አምስት ሰው ተሸክሞ።

ጋዙ ሁሉ በማሽን ተስቦ ሚዛን ላይ ወዳለ ሲሊንደር ገባ። ኮፈኑ ሥር፣ ሁልጊዜ በአቧራ ተሸፍና ማንም የማያያት አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፤ ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ጠረጓት፤ 450 ግራም ትላለች። ሚዛኑ 700 ለመሙላት ጥቂት ነበር የቀረው። በርበሬና ቡና በግራም የሚመዘንበት አገር ነው እንግዲህ። ፋኑ ከሶማሌ ተራ ዩዝድ ተገዝቶ መጣ፤ አየሩና እርጥበቱ በፓምፕ ተመጥጦ ወጣ፤ ጋዙ በሚዛን ተመልሶ ገባ፤ የቱቦዎቹ መጋጠሚያ ሁሉ በሳሙና አረፋ ተቀባ፣ የተነፋ አረፋ አልተገኘም።

"ቆይ፣ ነፋሱ ደግሞ ደካማ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ሥራው አለቀ ስንል። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ ነቅለው ከኋላው የአየር ማጣሪያውን ሳቡት። ማጣሪያው ላይ ቤት ተሠርቷል። ተቆራርጦ የተነጠፈ ሶፍት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ተለቅሞ የተከማቸ ቆሎ። ገብሱና ሽምብራው ለየብቻ። አይጧ የለችም፤ ኑሮዋ ግን ከእኔ የተደራጀ ነበር። ማታ ይህን ለእማዬ ብነግራቸው "የቁልቢው ቆሎዬ!" አሉ፤ በመልስ ጉዞ ከረጢቱ ጎደለ ብለው ባልደረባውን ሲጠረጥሩ ነበር የከረሙት።

ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ሽማግሌው ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው ለረዳታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ወደ እሳቸውም የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት ጀምሯል፤ የዚያ ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚዞር ስለሆነ የሚጠጣው ዘይትም ሌላ ነው፤ "ይሄን ጣሳ ለዚያ ብታነሣ ጣትህን ነው የምቆርጠው" አሉት። ሁለተኛው ለጋሼ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ነው የሚዞረው፤ ኤሲው ካልተከፈተ ዘይቱ አይንቀሳቀስም፣ የጎማ ቀለበቶቹ ይደርቃሉ፣ ሲደርቁ ያፈሳሉ፣ ያን ጊዜ በእውነት ጋዝ ይጨርሳል። "ብርድ ቢሆን ዝናብ ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ክፈተው።"

ትእዛዙ ቀላል ይመስላል። ግን መቼ? ጠዋት ልጆች አሉ፣ ጉንፋን ይይዛቸዋል። ከሥራ መልስ ሚስቱ አለች። ቅዳሜ እማዬ አሉ። ከመላው ቤተሰብ ለኤሲ አሥር ደቂቃ የሚሰጥ አልተገኘም። ጋሼ በመጨረሻ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሌላው ሰው ቤት ሲገባ፣ እሱ ግቢ ውስጥ የቆመው መኪና ውስጥ ብቻውን መቅረት ጀመረ። ሞተሩን አስነሥቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ሰዓቱን እያየ።

የሰፈር ሰው ይህን አየ። መጀመሪያ ለቅሶ ያለበት መሰላቸው። ሲደጋገም ወሬው ቅርጽ ያዘና የእድሩ ሰብሳቢ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው አንድ እሑድ መጡ። መስተዋቱን በከዘራ ጫፍ ኳ ኳ አደረጉ።

"ልጄ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ትዳር ነው፤ ይነገራል፣ ይፈታል። ሰው ከሚስቱ ተኳርፎ መኪና ውስጥ ይኖራል?"

ጋሼ ዘሎ ወጣ። "ኧረ በፍጹም አባባ! ምንም አልተጣላንም። ባለሙያ ነው ያዘዘኝ። በሳምንት አንዴ እንኳ ካልተሠራበት ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ መመለሻ የለውም።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እሱስ ልክ ነው" አሉ ሰብሳቢው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለእሷ ነግረሃታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

"ምን አለች?"

"ነፋስ ይመታኛል፣ ብቻህን ተቀመጥ አለችኝ።"

ሰብሳቢው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "በል እንግዲህ፣ ጥራት፤ ሁለታችሁንም አስቀምጠን እንስማ" አሉና እሳቸው ቀድመው ወደ ቤት ገቡ።